ሽማግሌውን ማሽን ያደከመው ማን ነው?

ወረቀት የለኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴ ቀድማ እንዳትነግራችሁ ነው። ዲፕሎማ፣ ዲግሪ፣ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገር በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም፤ የተሰቀለው የኔ ፎቶግራፍ ነው፣ እሱም ይበቃል። ሬዲዮ ጥገና የተማርኩት የሰው ሬዲዮ አበላሽቼ ነው። ኤሌክትሪክ የተማርኩት ይዞኝ ነው። ኮምፒውተር የተማርኩት ደግሞ እዚሁ ፒያሳ፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ የመድን ድርጅት ምድር ቤት ውስጥ፣ የመብራት ሠራተኛ ሆኜ፣ ከውጭ አገር የመጡ ባለሙያዎች ማሽን ሲተክሉ መሰላል እየያዝኩላቸው ነው። መሰላል ላይ የወጣው ሰው የሚያየው አንድ ሽቦ ነው፤ መሰላል የያዘው ግን ሁሉንም ያያል። እነሱ ተክለው ሄዱ። እኔና ማሽኑ ቀረን።

ማሽኑ ሜይንፍሬም ይባላል። ሠራተኞቹ ግን «ሽማግሌው» ነው የሚሉት። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እኔንም በዚሁ ስም ይጠሩኝ ስለነበር የተጠራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ለማታውቁት ላስረዳ። የሁለት ቁም ሣጥን ያህል ቁመና አለው፤ የከተማው ግማሽ መኪና መዝገብ ሆዱ ውስጥ ነው። ፎቅ ላይ የተቀመጡት ጸሐፊዎች በቀጥታ አያናግሩትም። መሀል ላይ ሰርቨር የሚባሉ ትንንሽ ማሽኖች አሉ፤ የካፌ አስተናጋጅ በሏቸው። ጸሐፊዋ ታዛለች፣ ሰርቨሩ ትእዛዙን ይዞ ወደ ሽማግሌው ይሮጣል፣ ሽማግሌው መዝገቡን ያወጣል፣ ሰርቨሩ ይዞ ይመለሳል። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ መስኮት በከፈተች ቁጥር ከሽማግሌው ጋር አንድ መስመር ይከፈትላታል። እንደ ስልክ ነው፤ እስኪዘጋ ድረስ ክፍት ነው። አያችሁ? ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የሚፈጅበትን ነገር በአንድ አንቀጽ ጨረስኩት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ባለችው ካፌ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ሳለ ሰናይት መጣች። ሰናይት የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ናት። ሁለት ዲግሪ አላት፤ አልያዝኩባትም።

«ጋሼ፣ መስመሩ እየተቋረጠ አስቸገረን» አለችኝ።

«መቼ መቼ?»

«ሰው ሲበዛ። ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ደህና ነው። አራት ሰዓት ሆኖ አዳራሹ ሲሞላ ይጀምራል። ጸሐፊዎቹ ግማሽ ጽፈው ሳይጨርሱ ጥርግ! እንደገና ሲገቡ እንደገና ጥርግ!»

የቦሎ ወቅት ነበር። በቦሎ ወቅት ያገሩ መኪና ሁሉ ምርመራ ይቀርባል፤ ምርመራ የሚቀርብ ሁሉ መድን ያድሳል፤ መድን የሚያድስ ሁሉ እነሰናይት በር ላይ ይሰለፋል። የኔም ቮልስ ምርመራዋ ደርሷል፤ ወደሷ እመለሳለሁ።

«ሰርቨሩን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ» አለች። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ጥፋቱ የኔ ነው ተብሎ ልዛወር ነው። ደብዳቤው ተተይቧል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ወዴት?»

«ቃሊቲ፣ የተጋጩ መኪኖች የሚከማቹበት ግቢ። እዚያ ተቀምጬ የተሰበረ ስፖኪዮ ልቆጥር።»

ካፌው ውስጥ የሚያውቁኝ ሁሉ ጆሯቸውን ወደኔ አዙረዋል። ባንኮኒው ዳር የቆመው ወዳጄ በላይ፣ «በል እንግዲህ ኢንጂነር፣ ቀንህ ደረሰ» አለ። እሱ ለማሾፍ ነው፤ እኔ ግን ማዕረግ ሲሰጠኝ አልመልስም።

«ዓርብ ሩቅ ነው» አልኩ፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ። «ረቡዕ ይበቃኛል።»

ረቡዕ ጠዋት ማሽን ክፍል ገብቼ እጄን ሽማግሌው ጎን ላይ አደረግኩ። ሙቀት አለው። «አየር ነው ያጣው» አልኩ። ሰናይት ክፍሉ ማቀዝቀዣ እንዳለው፣ በሩም መከፈት እንደሌለበት ልትነግረኝ ጀመረች። እኔ በሰው ሠራሽ አየር አላምንም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና በጡብ አስደገፍኩት። መጀመሪያ የገባው ከሕንጻው ጀርባ ካለው የመንገድ ሥራ የተነሣ አቧራ ነው። ቀጥሎ የገባችው የጊዮርጊስ ርግብ ናት። በቀጥታ በርራ ሽማግሌው ራስ ላይ ተቀመጠች፤ ዘበኛው ደምሴ መጥረጊያ ይዞ ሲያባርራት ሰርቨሮቹ ጀርባ ገባች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያ ቆየች። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «መስመሩን ያቋረጠችው የጋሼ ርግብ ናት» የሚል ወሬ ተነዛ። ሰው ታሪክ ሲያዛባ አይገርማችሁም? ከርግቧ በፊትም እኮ ይቋረጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር ገባኝ። ባቡሩ! ምኒልክ አደባባይ አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር እያለ መስመር ባይቋረጥ ነበር የሚገርመው። ደብተር ገዛሁ፣ ፎቅ ወጣሁ፣ ተቀመጥኩ። ባቡር ሲያልፍ ሰዓቱን እጽፋለሁ፤ ወደ አዳራሹ ዞሬ «ተቋረጠ?» እላለሁ፤ «ተቋርጧል ጋሼ» ይሉኛል፤ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ባቡር፣ አሥራ አንድ መቋረጥ። ደብተሩን ሰናይት ፊት ዘረጋሁት።

ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና፣ «ባቡር ባላለፈ ጊዜስ?» አለችኝ።

«ባቡር ባላለፈ ጊዜማ ምን ይጻፋል?»

የራሷን ዝርዝር አውጥታ አሳየችኝ። በሁለት ባቡር መሀል መስመሩ አርባ ጊዜ ይቋረጣል። ይህ እንግዲህ ዲግሪ ያመጣው ችግር ነው፤ የማይጠየቅ ነገር ይጠይቃሉ።

ሐሙስ ወደ ሽቦው ዞርኩ። ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን ገመድ በወጣትነቴ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ የት የት እንደሚያልፍ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ። በወይዘሮ ዘነቡ ሻይ ቤት ጣሪያ በኩል ያልፋል። ወይዘሮ ዘነቡ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላቸው።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ምድጃው ይጥፋ» አልኳቸው።

«ምን አደረገዎት?»

«መስመር ይረብሻል።»

«ይኸው ስንት ዓመት ሻይ ሲጠጡበት አልረበሸዎትም!»

ሥራ አስኪያጁን አቶ ግርማን አሳምኜ ምድጃውን አስጠፋሁት። በዚያ ቀን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሰላም የሚለኝ ሰው አልነበረም። አቶ ግርማ ራሱ ስኒውን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ሲንከራተት አይቼዋለሁ። መቋረጡ ይባስ ብሎ እጥፍ ሆነ። ለምን እንደሆነ ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ሻይ የሚጠጣ ስለጠፋ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሥራ ሠራ። ሽማግሌው እንዲህ ዓይነት ሥራ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ «ረቡዕ አለፈ እኮ» አለችኝ።

«የትኛው ረቡዕ እንደሆነ አልተናገርኩም» አልኳት።

«ያቺ ልጅ ቃሊቲ የምትሄደው ባንተ አፍ ነው» አለችና ራቴን አቀረበችልኝ። ራቱ አልወረደልኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ እናንተም አትናገሩ።

ዓርብ ነጋ። አሁን ወደ ቮልሴ ልመለስ። ሰናይት ጋ መግባቴ ካልቀረ መድኔንም ላድስ ብዬ በማለዳ ወረፋ ያዝኩ። ወረፋ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ፤ ሰው አይቆምም፣ ድንጋይ ይቆማል። የዱሮ ፒያሳ ድንጋይ ሞልቶት ነበር፤ ዛሬ እግረኛ መንገዱ ሁሉ ተነጥፎ፣ ተወልውሎ፣ ድንጋይ ማግኘት ራሱ ሙያ ሆኗል። እኔ አርቄ ስለማስብ ከዶሮ ማነቂያ፣ ከቤቴ ደጃፍ፣ በፌስታል ይዤ መጣሁ። አራት ድንጋይ። አንዱ የኔ ነው። አንዱ ለባለቤቴ ወንድም፤ ኮሮላውን ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ለበላይ፤ መኪና ባይኖረውም ወዳጄ ነው። አራተኛው ለማንኛውም። ጀሪካን፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜት፣ አንድ እግር ሸበጥ ከተሰለፉበት መሀል በክብር ደርድሬያቸው ገባሁ።

ማሽን ክፍል ስደርስ ሰናይት ፊቷ ገርጥቷል። «ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ» አለች። «ጸሐፊዎቹ አርባ አንድ ናቸው። ሽማግሌው የሚቆጥረው ክፍት መስመር ግን አንድ መቶ ስልሳ አራት ነው።»

«የቀሩትስ እነማን ናቸው?»

«እሱን ነው ያጣሁት። ሁሉም በሰርቨሩ ስም ስለሚገባ ማን ማን እንደሆነ ከዚህ አይታይም። አብዛኞቹ ደግሞ ምንም አይሠሩም፣ ክፍት ሆነው ዝም ነው። ችግሩ ዝም ቢሉም አይተዋቸውም። ሰርቨሩ በየደቂቃው እያንዳንዱን መስመር ‹አለህ?› ይላል፤ ሽማግሌው ‹አለሁ› ማለት አለበት። አዳራሹ ሲሞላ ሥራው ይበዛበታል፣ መልሱን ያዘገያል። ሲዘገይ ሰርቨሩ ሞቷል ብሎ መስመሩን ይዘጋዋል።»

አንጀቴን በላኝ። ሥራ ይዞ ለመጣው አርባ አንድ ሰው መልስ እየሰጠ፣ ሥራ ለሌለው ሁሉ ደግሞ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል የሚውል ሽማግሌ! ዘግየት ሲል ሞተ ይሉታል! የኔን ጡረታ ነው የሚመስለው። ግን አዋቂ ሰው ሲያዝን አይታይም፤ ጠረጴዛውን መታሁና ጮህኩ፦

«ሌቦች ናቸው! ከውጭ ነው የገቡት!»

ኮሪደሩ ላይ ያለፈ አንድ ሰው ሰማ። ሌላው «ስንት ናቸው?» አለ። አቶ ግርማ ጆሮ ሲደርስ አንድ መቶ ሃያ ሦስት ሌቦች ሕንጻው ውስጥ ነበሩ። አዳራሹ ይዘጋ ተባለ። ደምሴ በሩ ላይ ቆሞ መታወቂያ መጠየቅ ጀመረ፤ ሃያ ዓመት የሚያውቃቸውን ወይዘሮ ዘነቡንም ጠየቃቸው። ውጭ ያሉት ሹፌሮች መለከታቸውን ነፉ። «ማሽኑ ምሳ ወጣ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ኧረ ታሟል፣ ጠበል ሄዷል!» ይላል ሌላው። ከላይ ደግሞ ሰናይት ቢሮ እንድትቀርብ ተጠራች። ሌባ የገባው በማን ክፍል ነው? በሷ። ደብዳቤው ወጣ ማለት ነው።

እኔ ሌባ ፍለጋ በሚል ወደ ውጭ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ደጅ ላይ ሹፌሮቹ ከበቡኝ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በእግሩ እየጠቆመ፣ «ፋዘር፣ እነዚህ አራት ድንጋዮች የርስዎ ናቸው አሉ?» አለኝ።

«የኔ ናቸው።»

«አራቱም ቦሎ ያወጣሉ?»

ሳቁብኝ። «ቦታ ይዤ ነው» አልኩ በቁጣ።

«ታዲያ ሁሉም ቦታ ይዞ እኮ ነው የሞትነው! ይህን ሰልፍ አይተው የተመለሱ ስንት አሉ! በሰው ይቁጠሩት፤ አሥር አንሞላም። ሌላው ድንጋይ ነው።»

ሰልፉን አየሁ። እስከ መታጠፊያው ይደርሳል። ሰው ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ከዚያ አርባ አንድን በአራት አባዛሁ። ሒሳብም ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ መቶ ስልሳ አራት መጣልኝ። እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ወደ አዳራሹ ሮጠ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ የምትቀመጠው አስካለ የምትባል ጸሐፊ ናት። ኮምፒውተሯን አየሁ። አራት መስኮት ተከፍቷል። በአንዱ ትሠራለች፤ ሦስቱ ባዶ።

«እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?»

«ቦታ ይዤ ነው ጋሼ። አንዱ ሲቋረጥብኝ በሌላው እቀጥላለሁ።»

«ሌሎቹስ ጸሐፊዎች?»

«ሁላችንም እኮ ነን። መመሪያው ነው።»

«የምን መመሪያ?»

ጠረጴዛዋ ላይ ካለው መስተዋት ሥር ቢጫ የሆነ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦ «ለጸሐፊዎች በሙሉ። ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ አራት መስኮት ክፈቱ። በአንዱ ሥሩ፤ ሦስቱ ይጠብቋችሁ። ማታ እስክትወጡ እንዳትዘጉ።» ከሥሩ ፊርማ አለ። ረጅም፣ ጅራቱ የተጠማዘዘ፣ ግርማ ሞገስ ያለው ፊርማ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚፈርም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ፎቶግራፉ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ትዝ አለኝ። ያኔ ጸሐፊዎቹ ስምንት ነበሩ፤ ዝናብ ሲዘንብ መስመር ይቋረጥ ነበር፤ እኔም ይህን ብልሃት ፈጥሬ፣ አስተይቤ፣ ማንም ሳያዘኝ በየጠረጴዛው አደልኩ።

«ይህን ማን ሰጠሽ?» አልኳት፣ ድምፄ ቀንሶ።

«ከኔ በፊት የነበረችው። ለሷም ከሷ በፊት የነበረችው። አዲስ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ይሄ ነው።»

«የማን ፊርማ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አናውቅም። ግን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ሰዓትም ደስ አለኝ።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ደረጃውን ስወጣ አንድ ሐሳብ አብሮኝ ይወጣ ነበር፦ አርባውን ወረቀት ሰብስበህ ቅደድ፤ ሌቦቹን አባረርኳቸው በል፤ ኢንጂነር ሆነህ ካፌህ ግባ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። አርባ ጠረጴዛ ለመዞር ግን ጊዜ አልነበረም፤ አቶ ግርማ ቢሮ ስገባ ብዕሩ ተከፍቷል፣ ሰናይት ቆማለች፣ ደብዳቤው መሀላቸው ነው።

«ሌቦቹ ተገኙ?» አለኝ አቶ ግርማ።

ሰናይት አየችኝ። ተስፋ ቆርጣም እንኳ ወንበር ልትስብልኝ ሄደች።

«አንድ ነው» አልኩ። «ይኸው ፊርማው።»

አቶ ግርማ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ይህ የርስዎ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ እንኳን ልታጠፋ ቆጥራ ያገኘችው እሷ ናት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያለ አንድ ቀን መቅረት፣ የተከበረ ሌላ መመሪያ አለ?»

አቶ ግርማ ስልክ አንሥቶ አዳራሹን አዘዘ፤ ሦስት ሦስት መስኮት ዝጉ። ሰናይት ወደ ታች ወርዳ ቆጠረች፤ መቶ ስልሳ አራት። በጽሑፍ አዘዘ፤ መቶ ስልሳ አራት። ራሱ አዳራሽ ወርዶ ተናገረ። አስካለ በትሕትና፣ «እሺ ጌታዬ፣ ግን መመሪያው አራት ነው የሚለው» አለችው።

ሰናይት ባዶ ወረቀትና ብዕር ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይጻፉ» አለችኝ። «እኛን አይሰሙንም።»

ጻፍኩ። «ለጸሐፊዎች በሙሉ። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሰው አንድ መስኮት። የማትሠሩበትን ዝጉ።» ፈረምኩ፤ ጅራቱን አጠማዘዝኩ። ተባዝቶ ታደለ። አስካለ ፊርማውን ከአሮጌው ወረቀት ጋር አስተያየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ሦስቱን ዘጋች። ማሽን ክፍል ውስጥ ቁጥሩ ወረደ፤ መቶ ሃያ፣ ዘጠና፣ ስልሳ፣ አርባ አንድ። አዳራሹ ተከፈተ፣ ሹፌሮቹ ጎረፉ፣ የወይዘሮ ዘነቡ ምድጃ ጋለ፣ ባቡሩም አለፈ። እስከ አሥር ሰዓት አንድም መስመር አልተቋረጠም።

አቶ ግርማ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥቶ መሳቢያ ውስጥ ሊከት ሲል ደረስኩበት።

«አትቀደውም?»

«ለማንኛውም ይቀመጥ» አለ።

«አየህ፣ እኔም አራተኛዋን ድንጋይ ያስቀመጥኳት ‹ለማንኛውም› ብዬ ነው። ይቺም መስኮት ትዘጋ።»

ምን ድንጋይ እንደምል አልገባውም፤ ግን ፊርማዬን የያዘው ወረቀት አጠገቡ ነበር። ደብዳቤውን አራት ቦታ ቀደደው። ሰናይት ወደ ማሽኗ ወረደች። ደረጃው ላይ ስትሮጥ ግን ሰማኋት።

እኔም ድል አድርጌ፣ ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ መድኔን ላድስ ወጣሁ። ድንጋዮቼ የሉም። አራቱም በፌስታላቸው ገብተው ደምሴ ወንበር ሥር ተቀምጠዋል። በሩ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ የኔው መመሪያ ነው። ደምሴ «መስኮት» የሚለውን ሰርዞ በላዩ «ድንጋይ» ብሎ ጽፎበታል።

«ደምሴ፣ ምን ማለትህ ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ? የተፈረመበት ነው» አለኝ።

በዚህ መሀል ሰናይት ወጣች። በጓሮ በር አስገብታኝ በአምስት ደቂቃ ልታስጨርሰኝ ትችላለች፤ ቀና ብዬም አየኋት። ፌስታሌን ከወንበሩ ሥር አወጣች፣ አንዷን ድንጋይ መርጣ እጄ ላይ አስቀመጠችና በጨዋ ደንብ ወደ ሰልፉ መጨረሻ አመለከተችኝ።

«አንድ ሰው አንድ ነው ጋሼ።»

ማሽኑ መሥራቱን የሰሙት ሁሉ መጥተው ሰልፉ አሁን በሰው ሞልቷል፤ መታጠፊያው ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ከፊቴ ያ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ለካ ሸበጡ የሱ ኖሮ እሱንም አንሥተውበታል። «ፋዘር፣ ያን ወረቀት የጻፈው ማን ይሆን?» አለኝ እየተበሳጨ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ካለሁበት ሆኜ እንኳ ፊርማው ጅራቱ ሳይቀር ይታያል።

«እኔ ነኝ» አልኩት።